«ይህ ያ ነው» ከማለታችን በፊት

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በሌሊት ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ጨረስኩት! ሁሉንም ገጽ ከዊኪፔዲያ ጋር አገናኘሁት። አንድ ሌሊት አልፈጀም እኮ!» አለኝ። ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል። ስለ ደብረ ወርቅና ስለ አካባቢው፣ ስለ ቢቸና፣ ስለ ሞጣ፣ ስለ ዲማ፣ ስለ ደብረ ማርቆስ የምትተርክ ትንሽ ድረ ገጽ አለችን። እሱ ቴክኒኩን ይሠራል፤ እኔ ጽሑፉን አያለሁ። ከዚያ በፊት «ገጾቻችንን ከዊኪፔዲያ ጽሑፎች ጋር ብናገናኛቸውስ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በስሙ ፈልግና አገናኝ» ያልኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናገረው ስሕተት ከሱ ይልቅ የኔ ነው።

ጠዋት ላይ ድረ ገጿን ከፈትኩ። መጀመሪያ የገባሁት ስለ ጎጃሙ ንጉሥ ስለ ተክለ ሃይማኖት የጻፍነው ገጽ ላይ ነው። በቀድሞ ስማቸው ራስ አዳል ይባሉ የነበሩት፣ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ዘውድ የተጫነላቸው፣ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው የተሸነፉት ንጉሥ ማለት ነው። ከታሪካቸው ሥር «የበለጠ ለማንበብ» ይላል። ስጫነው የመጣልኝ የደብረ ሊባኖሱ ጻድቅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነው! የ13ኛው መቶ ዘመን መነኩሴና የ19ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ በአንድ ሌሊት አንድ ሰው ሆነዋል።

ሳቅሁ። ከዚያ ሌላ ገጽ ከፈትኩ። ነሐሴ 13 ቀን ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ሙልሙል እየተቀበሉ ስለሚያከብሩት ደብረ ታቦር የተጻፈ ነው። ሊንኩ የሚወስደው ደቡብ ጎንደር ወዳለችው ከተማ ነው። ሦስተኛውን ስከፍት ሳቄ ጠፋ። ስለ ደብረ ወርቅ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የጻፍነው ገጽ ስለ ደብረ ወርቅ ከተማ ከተጻፈ ጽሑፍ ጋር ተያይዟል። ይኼኛው አያስቅም፤ ምክንያቱም ስሕተት መሆኑን ከኛ ከአገሬው ሰዎች በቀር የሚያውቅ የለም።

ብዙዎቻችሁ ድረ ገጽ፣ የቴሌግራም ቻናል፣ የዩቲዩብ ገጽ አላችሁ። ስለ ትውልድ መንደራችሁ፣ ስለ ደብራችሁ፣ ስለ ትምህርት ቤታችሁ ትጽፋላችሁ። ስለዚህ ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀምጠው፦ ጽሑፎቻችንን ከዊኪፔዲያ ጋር ማገናኘት አለብን፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሊንክ ምስክርነት ነው። «እኔ እዚህ የማወራለት ነገርና እነሱ እዚያ የጻፉለት ነገር አንድ ነው» ብሎ መመስከር ነው። ሳያዩ መመስከር ደግሞ በአገራችን ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሚጠቅም ልንገራችሁ። የቆሎ ተማሪ ከአንድ ደብር ወደ ሌላው ሲሄድ «ከማን ተማርክ?» ይባላል። የመምህሩን ስምና የተማረበትን ቦታ ይናገራል። ያን ጊዜ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ቦታ ይሰጠዋል። ድረ ገጽም እንደዚያው ነው። «ደብረ ወርቅ» ብለን ስንጽፍ የትኛዋ ደብረ ወርቅ፣ የት ያለችው፣ ከየትኛው ወረዳ የሚለውን አንባቢው ላያውቅ ይችላል። ሊንኩ «ምሥራቅ ጎጃም፣ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ከተማ» ብሎ በአንድ ጫን ይመልስለታል። ለጎግልና ለሌሎች መፈለጊያዎችም እንዲሁ ነው፤ አንድ ገጽ ስለ ምን እንደሚያወራ ለመለየት እንዲህ ዓይነት ግንኙነቶችን ይጠቀማሉ። ለዚሁ ተብሎ በገጹ ኮድ ውስጥ የሚገባ፣ ለሰው ዓይን የማይታይ መስመር እንኳ አለ። ባለሙያዎቹ «ሴም አዝ» ይሉታል፤ ትርጉሙ «ያው ነው» ማለት ነው። እንግዲህ «ያው ነው» ብላችሁ ለማሽን የምትነግሩት ነገር ያው ካልሆነ ምን እንደሚከተል አስቡት።

የኛ ችግር ከእንግሊዝኛው የባሰ የሚሆነው በስማችን ምክንያት ነው። ስማችን ሀብታችን ነው፤ ለማሽን ግን ራስ ምታት ነው።

አንደኛ፣ አንድ ስም ብዙ ነገር ይጠራል። ተክለ ሃይማኖት ብትሉ ጻድቁ አሉ፤ የጎጃሙ ንጉሥ አሉ፤ ከአባታቸው ከታላቁ ኢያሱ ቀጥለው ጎንደር ላይ የነገሡት ዐፄ አሉ፤ በደርግ ዘመን የነበሩት ፓትርያርክ አሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሰፈሩ አለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ብትሉ ሰማዕቱ፣ በስሙ የተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት፣ የእግር ኳስ ክለቡ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ቢራውም አለ። ስለ ሰማዕቱ ተጋድሎ የሚያነብ ምእመን ሊንኩን ተጭኖ የቢራ ፋብሪካ ውስጥ ሲገባ ምን ይላል?

ሁለተኛ፣ አንድ ነገር ብዙ ስም አለው። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ነበረች። በአሮጌ መጽሐፍ ላይ «መንቆረር» የሚለውን ያገኘ ማሽን ሌላ ከተማ መስሎት ቢያልፈው አይፈረድበትም። ደብረ ወርቅ ራሷ በላቲን ፊደል ስትጻፍ አንዱ «ደብረ ወርክ» ይላታል፤ የጥንቶቹ የአውሮፓ ሊቃውንት «ዳብራ ዋርቅ» ይሏታል፤ ሌላው በፊደሎቹ አናት ላይ ነጥብ ይደረድርባቸዋል። ሁሉም ያቺው ኮረብታ ናት።

ሦስተኛ፣ ሞክሼ ፊደሎቻችን። የጎጃሙን ልጅ፣ በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ የተማሩትን ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁን ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል በሀ፣ በሐ ወይም በኀ ሊጻፍ ይችላል። «ስ» በንጉሡ ሠ ቤት ሊገባ ይችላል። «ዓ» ደግሞ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ሊሆን ይችላል። ሦስት በሁለት በአራት ብታባዙት 24 አጻጻፍ ይወጣል፤ ለአንድ ሰው! ለኛ ሁሉም አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን 24 የተለያዩ ስሞች ናቸው። ስለዚህ ስምን ከስም ጋር ብቻ የሚያስተያይ ፕሮግራም የማይገናኘውን ያገናኛል፤ የሚገናኘውን ደግሞ «የለም» ብሎ ያልፈዋል። የኛው ድረ ገጽ ሁለቱንም አድርጋለች።

አራተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ደብረ ወርቅ ከተማ ናት፤ ደብረ ወርቅ ቤተ ክርስቲያን ናት። ለኛ በአነጋገር አይለያዩም፤ «ደብረ ወርቅ ሄድኩ» ያለ ሰው ገበያም ይሁን ንግሥ የሄደው ከፊቱ እናውቃለን። በመረጃ ዓለም ግን ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከተማዋ የሕዝብ ቁጥር አላት፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ የላትም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሥዕልና ቅርስ አላት፤ የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት የለውም። ሁለቱን አንድ ብታደርጓቸው የአንዷ ታሪክ በሌላዋ ይዋጣል።

መፍትሔው ምንድን ነው? እኔ ዘግይቼ የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ከስም ጋር ሳይሆን ከቁጥር ጋር ማገናኘት ነው። የዊኪፔዲያ ታናሽ ወንድም የሆነ «ዊኪዳታ» የሚባል አለ፤ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. የተጀመረ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ነገር፣ ሰውም ይሁን ከተማ፣ ወንዝም ይሁን መጽሐፍ፣ «ኪው» ከምትባለው የላቲን ፊደል ቀጥሎ የሚመጣ የራሱ ቁጥር አለው። ኢትዮጵያ ለምሳሌ ኪው 115 ናት። በአማርኛ «ኢትዮጵያ» ብትሏት፣ በፈረንሳይኛ «ኤቲዮፒ» ብትሏት ቁጥሯ ያው ነው። በየቋንቋው ያሉት የዊኪፔዲያ ጽሑፎች እርስ በርስ የሚገናኙትም በዚህ ቁጥር ነው። የጽሑፉ ርዕስ ከሀ ወደ ሐ ቢቀየር ቁጥሩ አይቀየርም። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ከተገኘና ሁለቱ ከተዋሐዱ እንኳ የቀድሞው ቁጥር ወደ አዲሱ ይመራችኋል። ከዚያም በላይ «መንቆረር»ን የደብረ ማርቆስ ሌላ ስም አድርጎ እዚያው መመዝገብ ይቻላል። አንድ ጊዜ ከተመዘገበ ለሁሉም ይሠራል።

ሌላ ጥቅምም አለው፤ ትንሽ ነገር ቢመስልም የተቸገረ ያውቀዋል። የአማርኛ ዊኪፔዲያን ሊንክ ኮፒ ስታደርጉ ፊደሉ ጠፍቶ በፐርሰንት ምልክትና በቁጥር የተሞላ ገመድ ይወጣላችኋል። አንድ የግዕዝ ፊደል በሊንክ ውስጥ 9 ምልክት ይሆናል። «ደብረ ወርቅ» 6 ፊደል ናት፤ በሊንክ 54 ምልክት ትሆናለች፤ በመካከል ያለችውን ሰረዝ ሳንቆጥር። ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ መሃል ላይ ከተቆረጠ በቃ፣ ሞተ። የቁጥሩ ሊንክ ግን አጭር ነው።

ቁጥር ሁሉን ይፈታል እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ቁጥሩንም የሚሰጠው ሰው ወይም ሰው የሠራው ሮቦት ነው። በፊሊፒንስ የሚነገረው የሴቡአኖ ቋንቋ ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለው፤ አብዛኛውን የጻፈው አንድ ስዊድናዊ የሠራው ሮቦት ነው። ሮቦቱ ከቦታ ስሞች መዝገብ እየቀዳ በዓለም ዙሪያ ላሉ ኮረብታዎችና ወንዞች ሁሉ ጽሑፍ አመረተ። እያንዳንዱም በዊኪዳታ ቁጥር አገኘ። ስለዚህ አንዳንዴ አንድ ቦታ ሁለት ቁጥር፣ ሁለት አጻጻፍ ይዞ ታገኙታላችሁ። የኛ አማርኛ ዊኪፔዲያ በበኩሉ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው። ወንዛችንን ሮቦት በሴቡአኖ ጽፎት እኛ በአማርኛ አልጻፍነውም ማለት ነው። ይህ እኔን ያሳፍረኛል፤ እናንተንስ?

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ተማሪዬ አንዲት የገጠር ኪዳነ ምሕረትን ሊያገናኝ ሲል በካርታው ላይ ያለው ነጥብ አጠራጠረው። አጎቱ ጋ ደወለ። አጎትየው «የትኛዋን ኪዳነ ምሕረት ነው የምትለኝ? ይቺ የታችኛዋን ነው ወይስ የወንዙን ማዶ?» አሉት። ሲያብራራላቸው «እሷማ ሌላ ናት፤ የኛዋ ከዋርካው በላይ ናት» ብለው ዘጉት። ሁለት ደቂቃ የፈጀ ስልክ ነው። የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ቢሰበሰብ ግን ያንን ሁለት ደቂቃ አይተካውም።

አሁን እንዲህ እየሠራን ነው። ፕሮግራሙ ይጠቁም፤ አገሬውን የሚያውቅ ሰው ያጽድቅ። የገጾቻችንን ዝርዝር በሦስት ከፈልነው፦ «እርግጠኛ ነን»፣ «እንጠይቅ» እና «የለም»። እርግጠኛ የሆንበትን እናገናኛለን። የምንጠይቀውን በስልክ እንጠይቃለን። የሌለውን ባዶ እንተወዋለን። ባዶ መተው ነውር አይደለም! ለገጹ ሊንክ ለማግኘት ብሎ ለመንደሯ የወረዳዋን፣ ለቤተ ክርስቲያኒቱ የከተማዋን፣ ለልጁ የአባቱን መስጠት ነው ነውር። በአንድ ገጽ ላይ ደግሞ «ውሃ»ና «ዳቦ» ሳይቀር ሰማያዊ አናደርግም። ገጹ የቆመለትን ዋና ነገርና አንባቢ ሊያደናግሩት የሚችሉትን ስሞች ብቻ፣ መጀመሪያ የተጠሩበት ቦታ ላይ እናገናኛለን። ዓመተ ምሕረትንም እናያለን። የዐድዋ ጦርነት በኛ 1888፣ በፈረንጆቹ 1896 ነው። የሁለቱ ጽሑፎች ዓመት በ7 ወይም በ8 ከተለያየ ሰዎቹ የተለያዩ አይደሉም፤ የተለያየው ቀን መቁጠሪያው ነው።

የሚቃወሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። አንዱ ወዳጄ «አንባቢህን በገዛ እጅህ ለምን ታባርራለህ?» ብሎኛል። እንግዳን መንገድ ማሳየት ማባረር አይደለም። መንገድ ያሳየኸው ሰው ሌላ ቀን ሲቸግረው አንተው ጋ ይመጣል። ሌላው «ዊኪፔዲያ ማንም የሚጽፍበት፣ ስሕተት የሞላበት ነው» ይላል። እውነት አለው፤ ስሕተት አለበት። ግን ሊንክ ማድረግ «እዚያ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው» ማለት አይደለም፤ «የምናወራው ስለ አንድ ነገር ነው» ማለት ነው። «ማንም ይጽፍበታል» የሚለውም ቢሆን «ማንም» ውስጥ እኮ እኛም አለንበት። ስሕተት አይታችሁ ከሆነ «አርም» የሚለውን ተጫኑ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ተማሪዬ ቀጥሎ ያለኝ «እኛም የኛን ሊንክ ዊኪፔዲያ ላይ እንለጥፍ» ነው። አይሆንም አልኩት። የራስን ድረ ገጽ እዚያ መለጠፍ እንደ ማስታወቂያ ይቆጠራል፤ ያጠፉታል፤ ደጋግመህ ካደረግኸው ያግዱሃል። ትርፍም የለውም። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ውጭ የሚወጡ ሊንኮቹን «ለደረጃ አትቁጠሩት» የሚል ምልክት ያደርግባቸዋል። ማበርከት የፈለገ ሰው የታተመ ምንጭ ይዞ ይሂድ፦ መጽሐፍ፣ የዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ጋዜጣ። በራሱ ቃል ይጻፍ። ፎቶ ካለው የራሱን ይስጥ። የደብሩን አስተዳዳሪ ሳያስፈቅድ ግን የቅድስቱን ሥዕል አንስቶ አይለጥፍ፤ ቅርስ ጠባቂዎቻችን የሚሰጉበት በቂ ምክንያት አላቸው።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁና ላብቃ። አሁን ሰው መጽሐፍ ከማገላበጥ ስልኩን መጠየቅ ይቀለዋል። ስለ ደብረ ወርቅ ስልኩን የሚጠይቅ፣ ዋሽንግተን ወይም ጂዳ ያደገ የኛው ልጅ መልስ ያገኛል። መልስ ሰጪዎቹ ማሽኖች ከሚያነቡት ዋናው አንዱ ዊኪፔዲያ ነው፤ ድረ ገጾቻችንንም ያነባሉ። እኛ «ንጉሡና ጻድቁ አንድ ናቸው» ብለን በኮድ ከነገርናቸው ይህንኑ መልሰው ለልጆቻችን ይነግሯቸዋል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል ያገሬ ሰው። ኢንተርኔትም የወረቀት የልጅ ልጅ ነው፤ የያዘውን አይለቅም።

በሌላ በኩል፣ የትኛዋ ኪዳነ ምሕረት ከዋርካው በላይ እንደሆነች የሚያውቁት ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የሉም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆይቷል። በዚያ ጊዜ ስለኛ የጻፈው ሩቅ ያለው ነበር፤ የሚያውቀው ሰው ማረም ቀርቶ ማየትም አልቻለም። ኔትዎርክ ሲመጣም የኔታ ሞባይል ይዘው ዊኪፔዲያ ላይ አይቀመጡም። እሳቸው የሚያውቁት ወደዚያ የሚደርሰው በእናንተ በኩል ብቻ ነው። የናንተ ሥራ ደግሞ ፕሮግራም ከመጻፍ በፊት ስልክ መደወል ነው።

የኛን ድረ ገጽ ሊንኮች ሁሉንም አጥፍተን እንደገና አንድ በአንድ እየሠራን ነው። ንጉሡ ወደ ንጉሡ፣ ጻድቁ ወደ ጻድቁ ተመልሰዋል። ከሦስቱ ዝርዝሮች ረጅሙ «የለም» የሚለው ነው፤ ያ ዝርዝር ለኔ የሥራ ዝርዝር ነው። ከደብረ ወርቅ፣ ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከዲማ አካባቢ የሆናችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁ እዚያ ያሉ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ዝርዝሩን እልክላችኋለሁ። እያንዳንዳችሁ አንድ ስም ውሰዱ፤ አገር ቤት ደውላችሁ «የትኛዋ ናት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሰላም ዋሉ።